መድኃኒቱ በቆመ ጊዜ፦ የፀረ ድብርት መድኃኒት የማቋረጥ ምልክቶች ከአበርገሌ አንጻር ሲታዩ
ለጤና ሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ጠባብ ነው። ስለ ድብርት ሕመም አጠቃላይ ትምህርት አልሰጥም፤ መድኃኒቱ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውንም ክርክር አልከፍትም። የምናገረው፣ አንድ ሰው ለወራት ወይም ለዓመታት የወሰደውን ፀረ ድብርት መድኃኒት ሲያቆም በሰውነቱና በአእምሮው ስለሚደርስበት ነገር፣ ያንንም እንዴት ሊሻገረው እንደሚችል ነው።

ቦታውንም አጥብቤዋለሁ። ዓይኔን የማሳርፈው በዋግ ኽምራ፣ ይልቁንም በአበርገሌ ላይ ነው። ምክንያቴ ይህ ነው፦ በምናነባቸው የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ መድኃኒት ማቆም ውሳኔ ነው። ታካሚውና ሐኪሙ ተቀምጠው ይመክራሉ፤ ቀን ይቆርጣሉ፤ መጠኑን ይቀንሳሉ። በአበርገሌ ግን መድኃኒት ማቆም ብዙ ጊዜ ውሳኔ ሳይሆን አጋጣሚ ነው። መንገድ ይዘጋል፤ ክምችት ያልቃል፤ ጾም ይገባል፤ ወደ ጠበል ይኬዳል፤ ወይም ሰውየው «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። እንግዲህ ትምህርታችን ለታቀደው ማቆም ብቻ የተዘጋጀ ከሆነ፣ ላልታቀደው ባዶ እጃችንን ነን ማለት ነው።

አበርገሌ በተከዜ ተፋሰስ የሚገኝ ቆላማ ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማው ኒሯቅ ትባላለች። ብዙዎቻችን ስሙን የምናውቀው በፍየል ዝርያው ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ዋግ ኽምራን ባዳረሰ ጊዜ ሰቆጣም ሆነች በዙሪያዋ ያሉ ወረዳዎች ከመደበኛው አቅርቦት ተቆርጠው ነበር፤ የጤና ተቋማትም ተጎድተዋል። ከአበርገሌ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ በሰቆጣና በአካባቢዋ ተጠልሎ ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ተከተለ። በእንዲህ ያለ ዘመን ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት መድኃኒት መቋረጥ ጥቂትም ቢሆን ተነግሯል። ስለ ድብርት መድኃኒት መቋረጥ ግን የሚናገር ጥቂት ነው፤ ምልክቱ ከኀዘን፣ ከረኀብና ከድንጋጤ ጋር ተቀላቅሎ አይለይምና።

አስቀድመን መድኃኒቶቹን እንወቅ። በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት ከሁሉ ይልቅ የሚገኙት ሁለት ናቸው፤ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን። አሚትሪፕቲሊን ለድብርት ብቻ ሳይሆን ለነርቭ ሕመምና ለማይግሬን ራስ ምታትም ይታዘዛል። ስለዚህ ፀረ ድብርት መድኃኒት እየወሰደ መሆኑን የማያውቅ ሰው አለ። «የራስ ምታት ክኒኔ አለቀ» የሚል ታካሚ ሲያጋጥማችሁ፣ የዛሬው ንግግር እርሱንም እንደሚመለከት አስታውሱ።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። የስዊስ ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ድብርትን እንደሚያቀል ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ መድኃኒቱ ሲቆም ስለሚታዩ ምልክቶች ተጽፏል። ሆኖም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት፣ በተለይም ፍሉኦክሰቲንና መሰሎቹ ከመጡ ወዲህ፣ ምልክቶቹ ቀላል እንደሆኑና በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሳቸው እንደሚጠፉ ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የብሪታንያ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ይህን አቋሙን አሻሽሎ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ምልክቶቹ ብርቱና ረጅም ሊሆኑ እንደሚችሉ በይፋ ተቀበለ። ለዚህ ለውጥ የታካሚዎቹ የራሳቸው ምስክርነቶች አስተዋጽኦ ነበራቸው።

ለመሆኑ ሰውነት ለምን እንዲህ ይሆናል? ለወራት ከአንድ ወገን ብርቱ ነፋስ ሲገፋው የኖረ ሰው ወደ ነፋሱ ዘንበል ብሎ መቆምን ይለምዳል። ነፋሱ በድንገት ቀጥ ቢል ሰውየው ይንገዳገዳል፤ ይህም የሚሆነው እግሩ ስለታመመ ሳይሆን አቋቋሙ ለነፋሱ የተስተካከለ ስለነበረ ነው። አንጎልም እንደዚሁ ነው። ፍሉኦክሰቲን በነርቮች መካከል ያለውን ሴሮቶኒን ከፍ ያደርጋል፤ አንጎልም ተቀባዮቹን በዚያው ልክ ያስተካክላል። አሚትሪፕቲሊን ሴሮቶኒንን ከፍ ከማድረጉ በተጨማሪ አሴቲልኮሊን የተባለውን መልእክተኛ ያግዳል፤ ሲቆም የታገደው ይለቀቃል፤ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ የሆድ መታወክና የእንቅልፍ መዛባት ይመጣል።

ይህን ከሱስ መለየት ይገባል። ሱስ የሚባለው ሰው ነገሩን አጥብቆ ሲመኝ፣ መጠኑን እየጨመረ ሲሄድ፣ ጉዳቱን እያየም መተው ሲያቅተው ነው። ፀረ ድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክኒኑን አይመኝም፤ ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ሰውነቱ ግን ለምዶታል። «ሱስ ያስይዛል» ብሎ ማስፈራራት ሰዎችን ከሚያስፈልጋቸው ሕክምና ያርቃል፤ «ምንም አይልም» ብሎ ማረጋጋት ደግሞ ላልተጠበቀ ሥቃይ ይዳርጋል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? ጉንፋን የመሰለ የሰውነት መዛል፤ ማዞርና ሚዛን ማጣት፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፤ ላብ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ፤ እንቅልፍ ማጣት፤ እንደ እውን የጎሉ አስፈሪ ሕልሞች፤ ድንገተኛ ልቅሶ፤ ቁጡነት፤ ጭንቀት። በተለይ ከፍሉኦክሰቲን ወገን በሆኑት መድኃኒቶች ዓይንን ወዲህ ወዲያ ባንቀሳቀሱ ቁጥር በራስ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው ሰው ንዝረት የሚሰማቸው አሉ። «ጭንቅላቴ ውስጥ ይነዝረኛል» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ «ማበድህ ነው» አትበሉት፤ መቼ መድኃኒት እንዳቆመ ጠይቁት።

ምን ያህሉ ይታመማል? እ.ኤ.አ. በ2024 በላንሴት ሳይካትሪ የወጣ ጥናት 79 ጥናቶችንና ከ21,000 በላይ ሰዎችን አጠቃሎ ነበር። ፀረ ድብርት መድኃኒት ካቆሙት ከመቶ 31 ያህሉ ቢያንስ አንድ ምልክት ታይቶባቸዋል። ነገር ግን ባዶ ክኒን ሲወስዱ ቆይተው ካቆሙትም ከመቶ 17 ያህሉ ምልክት ነበራቸው። ብርቱ ምልክት የታየባቸው ከመቶ ሦስት ያህል ናቸው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ብዙው ሰው ያለ ከባድ ችግር ያቆማል፤ ፍርሃት መንዛት አይገባም። ሁለተኛ፣ በጥናቶቹ ውስጥ መድኃኒቱን ለአጭር ጊዜ የወሰዱ ብዙዎች ናቸውና፣ ለዓመታት የወሰደ ሰው «እኔም እንደነርሱ ቀላል ይሆንልኛል» ብሎ እንዲተማመን ማድረግ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ እመጣለሁ። ከምልክቶቹ ይልቅ የከፋው ጉዳት ምልክቶቹ የሚሰጣቸው የተሳሳተ ስም ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የማቋረጥን ምልክት ግርሻ ብሎ መጥራት ነው። ሰውየው መድኃኒቱን ያቆማል፤ በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ያጣል፤ ያለቅሳል፤ ይጨነቃል። ቤተሰቡም ባለሙያውም «ሕመሙ አገረሸበት፤ ያለ መድኃኒት መኖር አይችልም» ይላሉ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የማይድን በሽተኛ እንደሆነ አምኖ እንዲኖር ይህ አንድ ቃል ይበቃል። መለያው ግን አለ። መጀመሪያ ጊዜውን እዩ፤ የማቋረጥ ምልክት ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ግርሻ በሳምንታትና በወራት ቀስ ብሎ ይገባል። ፍሉኦክሰቲን ግን ከሰውነት የሚወጣው በሳምንታት ስለሆነ ምልክቱም ሊዘገይ ይችላል። ቀጥሎ ዓይነቱን እዩ፤ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ንዝረት የቀድሞው ሕመም ክፍል አልነበሩም። በመጨረሻም መድኃኒቱ ሲመለስ የሚሆነውን እዩ፤ የማቋረጥ ምልክት በጥቂት ቀናት ይረግባል፤ ግርሻ ግን ለመሻሻል ሳምንታት ይወስዳል።

ይህን ስል ግርሻ የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ በብሪታንያ የተሠራ ጥናት ረጅም ጊዜ መድኃኒት ወስደው ደኅና የሆኑ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ካቆሙት ከመቶ 56፣ ከቀጠሉት ደግሞ ከመቶ 39 ግርሻ ደርሶባቸዋል። ማቆም አደጋ አለው፤ ግን ካቆሙትም ከመቶ 44ቱ ሳይታመሙ ዓመቱን አልፈዋል። ሁለቱም እውነት ለታካሚው ሊነገረው ይገባል።

ሁለተኛው ስሕተት በእኛ አካባቢ የባሰ ሊሆን ይችላል። ታካሚው ወደ ጠበል ይሄዳል፤ መድኃኒቱን ትቶ እንዲሄድም ሊመከር ይችላል። ሱባዔው ሰባት ወይም ዐሥራ አራት ቀን ነው እንበል። እነዚህ ቀናት የማቋረጥ ምልክት ከሚበረታባቸው ቀናት ጋር ይገጥማሉ። ማስመለስ፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ በሌሊት በሕልም መጮኽ ይታያል። ያን ጊዜ ዙሪያው የቆመው ሰው ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም። መድኃኒት ያጣ ሰውነት የሚያሳየው መታወክ የርኩስ መንፈስ ጩኸት ተብሎ ሊታሰብ፣ ታካሚውም ሊታሰርና ሊገረፍ ይችላል። እኔ በጠበሉ ላይ ክርክር የለኝም፤ የሕዝባችን መጽናኛ ነው። የምለው ጠበሉና ክኒኑ አብረው መሄድ ይችላሉ ነው። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መጠቀም እንደሚችሉ አስተምረው ነበር። ያ ትምህርት ለአእምሮ ሕመም መድኃኒትም ይሠራል፤ ከጠበል ቦታ አባቶች ጋር ተቀምጠን ልንነጋገርበት ይገባል።

በጾምም ጉዳይ እንዲሁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ብዙ ሰው ጾሙን ላለመሻር ክኒኑን ይተዋል። አሚትሪፕቲሊን ግን እንቅልፍ ስለሚያመጣ በተለምዶ የሚወሰደው ማታ ነው፤ ከጾሙ ሰዓት ጋር አይጋጭም። ፍሉኦክሰቲን ደግሞ በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ከጠዋት ይልቅ ጾም ከተፈታ በኋላ ቢወሰድ ጥቅሙ አይጓደልም። ይህን በሁለት ደቂቃ ማስረዳት የ55 ቀን መቋረጥን ያስቀራል።

እንግዲህ ማቆም ሲያስፈልግ እንዴት ይቆማል? የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ሥልጠና ለሌላቸው ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ፣ ታካሚው ከ9 እስከ 12 ወር ያለ ምልክት ወይም በጥቂት ምልክት ብቻ ከቆየ በኋላ መድኃኒቱ ቢያንስ በ4 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ያዝዛል። ይህ ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ለዓመታት ለወሰደ ሰው ወራት ሊያስፈልጉ ይችላሉ።

ሥርዓቱንም እንወቅ። መጠንና ውጤት በእኩል አይራመዱም። ሲታሎፕራም በተባለው መድኃኒት ላይ የተሠራው ስሌት ይህን ያሳያል፦ 20 ሚሊ ግራም የሴሮቶኒን ማጓጓዣዎችን ከመቶ 80 ያህል ይይዛል፤ 5.4 ሚሊ ግራምም ቢሆን ገና ከመቶ 60 ይይዛል። ከ20 ወደ 5 መውረድ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ከ5 ወደ ባዶ መውረድ ግን ከገደል መዝለል ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ከመጀመሪያዎቹ ማነስ አለባቸው። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህም ይሆናል።

በሀብታም አገር ለዚህ ፈሳሽ መድኃኒት ይጠቀማሉ። እኛ ያለን 25 ሚሊ ግራም የአሚትሪፕቲሊን ክኒንና 20 ሚሊ ግራም የፍሉኦክሰቲን ካፕሱል ነው። ቢሆንም መንገድ አለ። ማታ ማታ ሁለት ክኒን የሚወስድ ሰው ወደ አንድ ተኩል፣ ከዚያ ወደ አንድ፣ ወደ ግማሽ፣ በመጨረሻም ወደ ሩብ መውረድ ይችላል፤ በየደረጃው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል፤ ምልክቱ ከበረታ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመልሶ ጥቂት ይሰነብታል። ፍሉኦክሰቲን ራሱ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ቀን እያሳለፉ በመውሰድ ሊቀነስ ይችላል። በአሚትሪፕቲሊን ግን ቀን መዝለል አይመከርም፤ ሰውነትን በየማግሥቱ ማቋረጥ ይሆናልና።

አሁን ላልታቀደው ማቆም ልናገር። መንገድ ተዘግቷል፤ በእጅ የቀረው 14 ክኒን ነው፤ የሚጠየቅ ባለሙያም የለም እንበል። ሰው እንደ ልማዱ በሌሊት ሁለት ሁለት ቢወስድ በሰባት ቀን ያልቃል፤ በስምንተኛው ቀን ከሙሉ ወደ ባዶ ይወድቃል። አንድ ክኒን ለ7 ሌሊት፣ ግማሽ ለ10 ሌሊት፣ ሩብ ለ8 ሌሊት ቢወስድ ግን ያው 14 ክኒን 25 ሌሊት ያደርሰዋል። አወራረዱ ፈጣን ቢሆንም ቁልቁለት ነው፤ ገደል አይደለም። ምናልባትም በዚያ መካከል መንገዱ ይከፈታል። ይህ ስሌት ለመከራ ቀን እንጂ ለዘወትር አይደለም፤ ግን የመከራ ቀን በዚህ አገር ስለሚመጣ ታካሚው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ይህ ምክር አይሆንም። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ እርሱን በማናቸውም መንገድ ማግኘት ግድ ነው።

ምልክቱ ከመጣ በኋላስ? ትልቁ መድኃኒት ስሙን ማወቅ ነው፤ «ይህ የማቋረጥ ምልክት ነው፤ ያልፋል» ብሎ መናገር የሚችል ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። በቆላ ሙቀት ላብ ሲጨመርበት ውኃ አብዝቶ መጠጣት፤ ሆድ ሲታወክ ጥቂት ጥቂት መመገብ፤ ማዞር ሳለ ገደላማ መንገድና ከባድ ሸክም መሸሽ፤ ቡናን ከቀትር በፊት ወስኖ ማታ ማቆም፤ ጫትና አረቄን መተው፤ በተወሰነ ሰዓት መተኛትና መነሣት፤ የተነሣውን ምልክት ቀኑን ቆጥሮ ለአንድ የሚታመን ሰው መንገር። እንቅልፍ ጠፋ ብሎ ከሱቅ ዳያዜፓም መግዛት አንዱን መላመድ በሌላ መተካት ነው። ያመለጠን መጠን ለማካካስ ደርቦ መውሰድም አይገባም፤ አሚትሪፕቲሊን ሲበዛ ልብን ይጎዳል፤ ይገድላልም። ክኒኑን ከልጆች እጅ አርቁ። ለሳምንታት ካቋረጠ በኋላ መጀመር የሚፈልግም ከዝቅተኛ መጠን፣ በባለሙያ ትእዛዝ ይጀምር።

ምልክት ብሎ ማለፍ የማይገባቸውም አሉ። ሰውየው ሞትን ከተመኘ ወይም ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ካደረበት፣ ምግብና ውኃ እንቢ ካለ፣ ለቀናት ሳይተኛ ከልክ በላይ ከፈነጠዘ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በሰቆጣ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ብቻውን አይተው።

ውድ ተማሪዎች፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። በክትትል መዝገብ ላይ «ከክትትል የጠፋ» የሚል አነጋገር ታገኛላችሁ። ጥፋተኛው ታካሚው እንደሆነ ያስመስላል። ብዙ ጊዜ ግን የጠፋው ታካሚው አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው፤ መንገዱ ነው፤ በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳው ሰው ነው። በዋግ ኽምራ ኽምጣኛ ተናጋሪ የሆነች እናት በአማርኛ የተጻፈባት የክኒን ፖስታ ምን ትነግራታለች? መቼ እንደምትወስድ እንኳ በጭንቅ፤ እንዴት እንደምታቆም ግን ፈጽሞ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሥራ ሦስት ነው። የመጀመሪያውን ክኒን በምትሰጡበት ቀን ስለ መጨረሻው ክኒንም ተናገሩ። ታካሚው በድንገት ቢያቆም የሚሰማውን በገዛ ቋንቋው ንገሩት፤ ቤተሰቡም ይስማ። ለተመረቃችሁበት ወረዳ የመድኃኒት ጥያቄ ስታዘጋጁም የድብርት መድኃኒትን ትርፍ አድርጋችሁ አትዩት፤ የመጠባበቂያ ክምችት ያዙለት። መድኃኒት መጀመርን አውቀን ማቆምን ካላስተማርን ሕክምናውን በግማሽ ትተነዋል፤ ያልሰጠነውንም ግማሽ ታካሚው በሌሊት፣ ብቻውን፣ ስሙን በማያውቀው ሥቃይ ይከፍለዋል።